በማን እርምጃ ይኬዳል?

ሁለት ሰዎች አንድ ረጅም መንገድ አብረው ለመሄድ ሲስማሙ አንዱ ለሌላው የሚገባው ቃል ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለሰው ያቀረብሁ እንደ ሆነ አብዛኛው ወዲያው «መረዳዳት ነዋ!» ብሎ ይመልስልኛል። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ ማንንም አያስርም። «ተረዳዱ» ተብለው የተሸኙ ሁለት ባልንጀሮች በሦስተኛው ቀን ከአንድ ዳገት ሥር ተኮራርፈው ቢገኙ፣ ሁለቱም ያለ ሐሰት «እኔስ ረድቼ ነበር» ለማለት ይችላሉ። ስለዚህ ጥያቄውን አጥብቦ መያዝ ይሻላል። ከሁለቱ አንዱ ፈጣን፣ ሌላው ዘገምተኛ ቢሆን በማን እርምጃ ይኬዳል?

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን ነገር በብስክሌት መንገድ ላይ እንድንመረምረው የፈለግሁት በምክንያት ነው። በእግር የሚሄዱ ሁለት ጤነኞች የሚለያዩት በጥቂት ነው፤ አንዱ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ቢሄድ ሌላው አራት ይሄዳል፤ ፈጣኑ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት ቢያርፍ ዘገምተኛው ይደርስበታል። በአውቶቡስ የሄዱ እንደ ሆነ ደግሞ ብርቱውም ደካማውም እኩል ይገባሉ። ብስክሌት ግን የሰውን ጉልበት የሚያባዛ መሣሪያ ነው፤ ጉልበትን ሲያባዛ ልዩነትንም አብሮ ያባዛዋል። በሜዳ ላይ አንዱ በሰዓት ሃያ፣ ሌላው ዐሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚነዱ ከሆነ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዱ ከሌላው ዓይን ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ሁለት መንገደኞች አሉ እንጂ አንድ ጉዞ የለም።

ነገሩ ለእኔ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። እኔና አንድ ባልንጀራዬ በመጪው ኅዳር ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ በሻሸመኔና በወላይታ ሶዶ በኩል፣ እስከ አርባ ምንጭ በብስክሌት ለመሄድ ስንመካከር ከርመናል። መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባልንጀራዬ ተወልዶ እስከ ሰባት ዓመቱ ያደገው አርባ ምንጭ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አላያትም። ከልጅነቱ የቀረለት ትዝታ፣ ከላይኛው ከተማ ሆነው ቁልቁል ሲመለከቱ የሚታዩት አባያና ጫሞ የተባሉት ሁለቱ ሐይቆች፣ በመካከላቸውም ያለው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ምድር ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ያገኘው ፈቃድ ዐሥር ቀን ነው፤ የምንመለሰው በአውቶቡስ ስለ ሆነ አንዱ ቀን ለመመለሻ ይወጣል። እርሱ ሳይጨነቅ በቀን 100 ኪሎ ሜትር ይነዳል። እኔ ከ60 አላልፍም። ይህንንም በግምት አላልሁም፤ እያንዳንዳችን በየፊናችን፣ ሦስት ቀን በተከታታይ እየነዳን ለክተነዋል። አንድ ቀን ብቻ ነድቶ የለካ ሰው የጉጉቱን ልክ እንጂ የጉልበቱን ልክ አያገኝምና።

እንግዲህ አንባቢው እንደሚያየው ዳኛው ራሱ ባለጉዳይ ነው። ዘገምተኛ ሰው ስለ ዘገምተኛ መብት ሲጽፍ ማን ያምነዋል ብትሉኝ አልቀየምም። የምለውን ሁሉ በራሱ ሚዛን መዝኑት።

በመጀመሪያ ባልንጀራዬ ያመጣው ሐሳብ እኩሌታውን እንድንይዝ ነበር። «አንተ 60፣ እኔ 100፤ እንግዲያው 80 ይሁና! አንተም ትንሽ ትበረታለህ፣ እኔም ትንሽ እታገሣለሁ፤ በሰባት ቀን እንገባለን» አለኝ። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ፍትሕም ይመስላል። ሁለት ሰዎች ገበያ ላይ በበግ ዋጋ ሲከራከሩ ቆይተው መካከሉን ይዘው ይስማሙ የለምን? አዎን፤ ነገር ግን እነዚያ አንዱ የሚጨምረው፣ ሌላው የሚቀንሰው ያው ብር ስለ ሆነ መካከሉ ለሁለቱም መካከል ነው። በመንገድ ላይ ግን ሁለቱ የሚከፍሉት ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። 100 የሚችል ሰው 80 ቢሄድ የሚያጣው ጊዜ ነው፤ ማታ ሲተኛ ኃይሉ እንደ ዳነ ያድራል፤ በማግሥቱም የታገሠውን ያህል ትርፍ አለው። 60 የሚችል ሰው 80 ቢሄድ የሚያጣው ገላውን ነው። የመጀመሪያውን ቀን በወኔ ይወጣዋል፤ ሁለተኛውን ቀን ጥርሱን ነክሶ ይጨርሰዋል፤ በሦስተኛው ቀን የጉልበቱ መጋጠሚያ እምቢ ይለዋል። አንዱ ሰዓት፣ ሌላው ሰውነት የሚከፍልበትን ጉዳይ ደምሮ ለሁለት ማካፈል ጤፍን ከጨርቅ ጋር ደምሮ እንደ ማካፈል ነው፤ ቁጥሩ ይወጣል፣ ነገር ግን የምን ቁጥር እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም።

አሪስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ ይህን የመሰለ ነገር በምግብ መስሎ አስረድቷል። ዐሥር ምናን ምግብ ብዙ፣ ሁለት ምናን ጥቂት ቢሆን፣ አሠልጣኙ «እንግዲያው ስድስት ይሁን» ብሎ ለሁሉ አያዝም፤ ስድስቱ ሚሎን ለተባለው ስመ ጥር ታጋይ ጥቂት፣ ትግልን ገና ለሚጀምር ልጅ ግን ብዙ ነውና። የቁጥር መካከልና የሰው መካከል የተለያዩ መሆናቸውን ለማስረዳት ያመጣው ምሳሌ ነው። እኔም ከዚህ ተነሥቼ የምደርስበት፣ አብረው በሚሄዱ ሰዎች መካከል የጉዞው ልክ የዘገምተኛው ልክ መሆን አለበት የሚል ነው። ይህንም ስል ብርቱው ይራራ ማለቴ አይደለም። ርኅራኄ የሆነ እንደ ሆነ ብርቱው በሰጠ ቁጥር ይመሰገናል፤ ሲሰለቸውም መስጠቱን ያቆማል። እኔ የምለው ግን ሁለቱ ኪሳራዎች ስለማይተካከሉ፣ ሊመለስ የሚችለው ኪሳራ ሊመለስ የማይችለውን ያድን ማለት ነው።

የቀድሞዎቹ ሲራራ ነጋዴዎች ይህን ለመረዳት መጽሐፍ መግለጥ አላስፈለጋቸውም። በነጋድራሳቸው እየተመሩ ቆላ ደጋውን ሲያቋርጡ፣ ባዶ በቅሎ የያዘው ሰው በበቅሎው ልክ ልሂድ ቢል ሽፍታ ያገኘዋል፤ ስለዚህ የሁሉም እርምጃ ጨው የተጫነችው አህያ እርምጃ ነበር።

ከእርምጃው ቀጥሎ ያለው የጭነቱ ነገር ነው። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ምንጣፉ፣ የጎማ መንፊያው፣ ማስቲሹ፣ ትርፍ ከመነዳሪው፣ ውኃው ሁሉ ተደምሮ 24 ኪሎ ሆነ። ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት ተካፍለን ብንጭን ማንም በአድልዎ አይከሰንም። ነገር ግን ሸክምን እኩል ማካፈል ሸክሙ እኩል እንዲከብድ አያደርግም። ባልንጀራዬ 16፣ እኔ 8 ኪሎ ብንይዝ ዳገት ላይ እርሱ ትንሽ ይከብዳል፣ እኔ ትንሽ እቀላለሁ፤ በሁለታችን መካከል ያለው ርቀትም በዚያው ልክ ይጠባል። ብርቱው የሚከፍለው ነገር ከጊዜ ወደ ክብደት ተለወጠለት ማለት ነው፤ ክብደት ደግሞ ከመጠበቅ ይልቅ ለብርቱ ሰው ይቀልለዋል። ባልንጀራዬ ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈካ፤ «ቆሜ ከምጠብቅህ ድስቱን ልሸከም» አለ።

በዚህ ላይ ብስክሌት የሚያስደንቅ ጠባይ አለው፤ ብርቱው ጉልበቱን ለደካማው በእውነት ሊያውሰው ይችላል። ፊት የሚነዳው አየሩን እየሰነጠቀ ስለሚያልፍ፣ በአንድ ክንድ ርቀት ተጠግቶ የሚከተለው ሰው፣ ፈጥነው በሚነዱበት ጊዜ ከድካሙ ሩብ እስከ ሲሶ ድረስ ሊቀልለት ይችላል። እሽቅድምድም የሚወዳደሩ ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ እየተፈራረቁ ፊት ይሆናሉ። (በ1956 በአውሮፓ አቆጣጠር አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሎምፒክ ስትሰለፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም እንደ ነበሩ ዛሬ የሚያስታውስ ወጣት ጥቂት ነው።) በስምጥ ሸለቆው ሜዳ ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመጣ ባልንጀራዬ ፊት ይሆናል፣ እኔ ከኋላው እጠለላለሁ፤ እርሱ ምንም ሳይጎዳ እኔ እጠቀማለሁ።

ዳገት ላይ ግን ይህ ሁሉ ያበቃል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ትግሉ ከነፋስ ጋር መሆኑ ቀርቶ ከክብደት ጋር ይሆናል፤ እዚያ ማንም ለማንም ጥላ አይሆንም። ብርቱው የሚችለው ነገር ቢኖር መጠበቅ ነው። መጠበቅም ራሱ ሥርዓት አለው። ብዙ ጊዜ ያየሁት እንዲህ ነው፤ ፈጣኑ ዳገቱን ጨርሶ ከአፋፉ ላይ ይቀመጣል፤ ውኃ ይጠጣል፤ ላቡ ይደርቃል፤ ዘገምተኛው እያለከለከ ሲደርስ «ጎሽ፣ መጣህ! በል እንሂድ» ብሎ ይነሣል። እርሱ ሩብ ሰዓት አርፏል፤ ያ ምስኪን ግን አንዲት ደቂቃ አላረፈም። ጉልበት ያነሰው ሰው ዕረፍቱም ያነሰ ይሆናል ማለት ነው። ፈጣኑ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ መጠበቁን እንደ ውለታ ስለሚቈጥረው ዕረፍቱ የማን እንደ ነበረ ማሰብ ያቅተዋል። እኛ የተስማማነው ዕረፍት የሚቈጠረው ኋለኛው ከደረሰ በኋላ ነው በሚል ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ የብርቱውን ዕዳ ነው። የዘገምተኛው ዕዳ ግን ከዚያ የሚከብድ ይመስለኛል። በእርሱ ልክ እንዲኬድ ከተፈቀደ ልኩን እውነቱን መናገር አለበት። ከመነሣቱ በፊት የሚመኘውን ሳይሆን የሚችለውን ቁጥር ይናገር፤ በመንገድም ላይ ሕመሙን በሦስተኛው ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ሰዓት ያስታውቅ። ይህ ለእኛ አገር ሰው ቀላል አይደለም። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለብን። ይሉኝታ በቤት ውስጥ ጌጥ ነው፤ ማንም ሰው ያለ እርሱ ከጎረቤቱ ጋር በሰላም ሊኖር አይችልም። በረጅም መንገድ ላይ ግን ከተቀደደ ጎማ ይብሳል። ጎማ ሲተነፍስ ድምፅ ይሰጣል፤ ይሉኝታ የያዘው ሰው «ደህና ነህ?» ሲባል «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንሁ» እያለ ድምፅ ሳያሰማ ይተነፍሳል። የተደበቀው ሕመም ሲወጣ አብሮ የሚወጣው የአንድ ሰው ጉዳት ብቻ አይደለም፤ የሁለቱ ዕቅድ ነው።

ብርቱውም ቢሆን ከይሉኝታ ነፃ አይደለም። ዘገምተኛው «ሰለቸህ?» ሲለው «ግድ የለም» ይላል። ግድ ካለው ግን በአራተኛው ቀን ሌላ ምክንያት ፈልጎ ይወጣል፤ «ወጡ ጨው በዛበት» በማለት ይጀመራል። እኔ የምፈራው ይህን ነው። ሰው ለባልንጀራው አንድ ነገር ሲተው ዋጋውን ተናግሮ ቢተው ስጦታ ነው፤ ሳይናገር ቢተው ግን በልቡ መዝገብ ላይ የተጻፈ ብድር ይሆናል፤ ተበዳሪውም መበደሩን የሚያውቀው ሲጠየቅ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዕቅዱ ቁጥር ልመለስ። በእኔ ልክ ብንሄድ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ዘጠኝ ቀን ይፈጃል። መመለሻው ሲጨመር ዐሥር። ባልንጀራዬ በጣቱ ቈጠረና «ይኸው! ልክክ አለ!» ብሎ ጮኸ። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ «ልክክ ማለቱ» ነው። አንዲት ትርፍ ቀን የሌላት ዕቅድ በወረቀት ላይ ፍጹም ትመስላለች፤ ነገር ግን ዘገምተኛውን ከመነሣቱ በፊት በደለኛ ታደርገዋለች። ዝናብ ሊጥል ይችላል፤ ውኃ ሆድን ሊያውክ ይችላል፤ ካቴና ሊበጠስ፣ ጎሚስታ በሌለበት ጎማ ሊፈነዳ ይችላል። ከእነዚህ አንዱ የደረሰ እንደ ሆነ የጠፋችው ቀን የዝናቡ ወይም የጎማው ናት። ነገር ግን ባልንጀራዬ ሶዶ ላይ ቆሞ፣ የተወለደባት ከተማ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስትቀረው ወደ ኋላ ለመመለስ የተገደደ እንደ ሆነ ዝናቡን ሊወቅስ አይችልም፤ አጠገቡ ያለሁት እኔ ነኝ። እርሱ ባይናገረው እንኳ እኔ በፊቱ ላይ አነበዋለሁ። ስለዚህ ትርፍ ቀን የምቾት ነገር አይደለም፤ በሁለት ሰዎች መካከል ፍቅር ሳይጎድል አደጋ የሚስተናገድበት ቦታ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህም ያገለግላል።

መፍትሔው መድረሻውን ማሳጠር ነው ብዬ ብናገር ጉዞው ለእርሱ ከንቱ በሆነ ነበር። እኔ ያቀረብሁለት ግን መነሻውን እንድናቀርብ ነው። ብስክሌቶቻችንን በአውቶቡስ ላይ ጭነን፣ ድሮ ዝዋይ ትባል እስከ ነበረችው እስከ ባቱ ብንሄድ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ከመንገዱ ይቀነሳል። የቀረውን 340 በስድስት ቀን እንጨርሰዋለን፤ መሄጃና መመለሻው ሲታከል ስምንት ቀን ነው፤ ሁለት ቀን ይተርፈናል። እስከ ሞጆ ያለው መንገድ ደግሞ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱት የጭነት መኪናዎች መንገድ ስለ ሆነ ብንዘለው የምናጣው ውበት የለም።

ባልንጀራዬ ተቈጣ። «ከደጄ ካልተነሣሁ ምኑን ሄድሁት? በአውቶቡስ ተጭኖ የሚሄድ ብስክሌተኛ ሙሽራውን እንደ ማዘል ነው!» አለ። ሙሉ መንገድ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ሁለት ማታ ተከራከርን። እኔ የአንድ መንገድ ሙሉነት የሚለካው ለሄዱበት ነገር ነው አልሁ፤ አንተ የምትሄደው ሐይቆቹን ለማየት እንጂ የሞጆን መኪና ለማየት አይደለም አልሁት። እርሱ ደግሞ መንገድ እንደ ጠላ እንስራ ከላይ ተቀድቶ አይቀነስም አለኝ። የትኛው ንግግሬ እንዳሳመነው አላወቅሁም፤ ምናልባት አንዱም አላሳመነውም። ብቻ በሦስተኛው ማታ መጥቶ «ባቱ ይሁን» አለኝ። እኔም ወዲያው እሺ አላልሁም። «ምን ተውህ? ንገረኝ» ብዬ ያዝሁት። ጥቂት አፈረና «ጎረቤቶቼ ሻንጣዬን ጭኜ ከደጄ ስነሣ እንዲያዩኝ ፈልጌ ነበር» አለ። ሳቅን። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሳይነገር ቢቀር ኖሮ ሻሸመኔ ላይ ትልቅ ሆኖ ይጠብቀን ነበር።

አንባቢው እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊያነሣብኝ ይችላል። የዘገምተኛው ልክ ሕግ ከሆነ ፈጣኑ ሁሉ የዘገምተኛ እስረኛ ሊሆን አይደለምን? ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የምናገረው በገዛ ፈቃዳቸው ስለ ተጣመሩ ሰዎች ነው። ባልንጀራዬ ያገኘው ፈቃድ አምስት ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም ዓይነት መነሻ አያዋጣንም ነበር፤ ያን ጊዜ የእኔ ግዴታ «አንተ ሂድ፤ ስትመለስ ታወራኛለህ» ብሎ እቤት መቅረት በሆነ ነበር። ዘገምተኛ ሰው ጉዞ ሳይጀመር «አልችልም» ለማለት ሙሉ ነፃነት አለው፤ ከተጀመረ በኋላ ግን ይኸው ቃል ሁለት ሰው ያስቆማል።

ከተጀመረ በኋላስ አንዱ መቀጠል ቢያቅተው? በ1923 በአውሮፓ አቆጣጠር ስድስት ወጣቶች ዓለምን በብስክሌት ለመዞር ከቦምቤይ ከተማ ተነሥተው ነበር። አራት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይተው በ1928 ወደ ከተማቸው ሲመለሱ 71,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደዋል፤ ነገር ግን የተመለሱት ሦስቱ ብቻ፣ ዓዲ ሐኪም፣ ጃል ባፓሶላና ሩስቶም ቡምጋራ ነበሩ። ከሌሎቹ አንዱ ቴህራን ላይ ተለይቶ ተመለሰ፤ አንዱ አሜሪካን አገር ወድዶ እዚያው ቀረ፤ ሦስተኛውም ከዚያ ወደ አገሩ ሄደ። ይህን ታሪክ ለወጣቶች የሚያወራ ሰው ብዙውን ጊዜ ሦስቱን ጀግኖች፣ ሦስቱን ደካሞች ያደርጋቸዋል። እኔ እንዲህ ያለ ፍርድ አልወድም። አራት ዓመት በኮርቻ ላይ ሲኖር ሰው ይለወጣል፤ ቦምቤይ ላይ ቃል የገባው ሰውና አሜሪካን አገር የደረሰው ሰው አንድ ላይሆን ይችላል። የሚያስነውረው መለየቱ ሳይሆን ባልንጀራን ሜዳ ላይ፣ ሳያውቅ፣ ሳይዘጋጅ ጥሎ መሄድ ነው። መለየት የሚቻልበት ሁኔታ አስቀድሞ በሰላም ጊዜ የተነገረ ከሆነ፣ የሚለየው ሰው ከዳተኛ አይባልም፤ የሚቀጥለውም ጨካኝ አይባልም።

ብቻውን መሄድ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያድናል የሚል ሰውም አለ። ያድናል። በ1890 ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጡ ዓለምን ሊዞሩ የተነሡት ሁለቱ አሜሪካውያን፣ ቶማስ አለንና ዊልያም ሳክትልቤን፣ ከቁስጥንጥንያ እስከ ፔኪንግ እስያን አቋርጠው በ1893 ወደ አገራቸው ሲገቡ በጎማ የሄዱት 15,044 ማይል፣ ማለት ከ24,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በ1892 ፍራንክ ሌንዝ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ብቻውን ተነሣ። ማንንም ሳይጠብቅ፣ ማንም ሳያስቆመው፣ አሜሪካን፣ ጃፓንን፣ ቻይናን፣ ህንድንና ፋርስን አቋርጦ በ1894 ምሥራቅ ቱርክ ላይ ጠፋ። መገደሉ ታወቀ እንጂ ሬሳው አልተገኘም። በ1895 እርሱን ፍለጋ ወደዚያ አገር የተላከው ሳክትልቤን ነው። ባልንጀራ ቢኖረው ኖሮ ይድን ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ሁለቱም ሊሞቱ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ሰውየው በየትኛው ኮረብታ፣ በየትኛው ሰዓት እንደ ወደቀ ለማወቅ ከዓመት በኋላ ሌላ ሰው ከአሜሪካ መምጣት ነበረበት።

እኛ ከዚህ ሁሉ በኋላ በአንድ የደብተር ገጽ ላይ አምስት መስመር ያህል ጽፈናል። ቁጥሩ፣ ጭነቱ፣ የዕረፍቱ ሕግ አሉበት። አንዱ መስመር፣ ከሁለታችን ማንኛውም ምክንያት ሳይጠየቅ በቀን አንድ ጊዜ «እንቁም» ለማለት ይችላል ይላል። ሌላው፣ እኔ ከሁለት ቀን በላይ መንዳት ያልቻልሁ እንደ ሆነ በአውቶቡስ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፣ እርሱ ብቻውን ይቀጥላል፣ ድንኳኑንና መሣሪያውን እርሱ ይይዛል ይላል። ይህን መስመር ያስጻፍሁት እኔ ነኝ፤ እርሱ ሊጽፈው እጁ እምቢ ብሎት ነበር።

የመጨረሻውን መስመር ግን ያመጣው እርሱ ነው። ገጹ ሊያልቅ ሲል ብዕሩን ተቀብሎኝ ዝም ብሎ ቆየና «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትቀየመኝም?» አለኝ። ከምዕራብ አባያ በኋላ፣ ሐይቁን በግራ ይዞ የሚሄደውን የመጨረሻ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን ፈጥኖ ሊሄድ ይፈልጋል። ከተማዋ ሲገባ፣ የሚያስታውሰውን ቤት ሲፈልግ፣ ቢያገኘውም ባያገኘውም፣ አጠገቡ ሰው እንዲኖር አይፈልግም። እኔ በራሴ እርምጃ ስመጣ ከታችኛው ከተማ፣ ከሲቀላ፣ በመንገዱ ዳር ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ከዚያ ወደ ሴቻ ያለውን ዳገት አብረን እንወጣለን። ለምን እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም። «ያን ቀን ድስቱን እኔ እይዘዋለሁ» አልሁት፤ እርሱም ይህንኑ ጨምሮ ጻፈው።